አርባ አንደኛው ምሰሶ

ወፍጮዬ ድንገት ቆመ፣ ቃሉን እንደዋጠ ሰው፣
የዲንቄን ገብስ በጉሮሮው እንደያዘ፣ ሳይጨርሰው።
"ደግሞ አጠፉት!" አልኩኝ። "እነማን?" ያለ የለም፤
"እነሱ" ነው ስማቸው፣ ሌላ ስም አንሰጥም።
ቀበቶውን አላቅቄ፣ ዱቄቱን ከቅንድቤ አራግፌ
ወጣሁ ወደ ሜዳው፣ ስድቤን በጉንጬ አቅፌ።

ከቄራው በስተጀርባ፣ ከአርባ አንደኛው ምሰሶ ሥር
ተዘርግቶ አገኘሁት፤ ክንፉ ከበሬ ቀንበር
የሚረዝም ጆፌ አሞራ። የላባው ጫፍ ተለብልቦ
ይሸታል፣ እንደ ፀጉር። እግሩ ተጨብጧል።
ዓይኑ ግን ገና ያያል፤
አንዳንዱ ሞት ቸኩሎ፣ ዓይን መክደን ይረሳል።

እሱ መብራት አጠፋ፤
መብራት እሱን አጠፋ።
አንድ ቃል ለሁለት ሞት። ቋንቋችን ቆጣቢ ነው።

በሁለተኛው ቀን ጉርሜሳ መጣ፣ መሰላል ተሸክሞ፤
ሄልሜቱን አወለቀ፣ ዝም አለ ጥቂት ቆሞ።
"ሰባተኛው ነው ዘንድሮ፣" አለኝ፣ "እዚሁ ምሰሶ አናት።"
"ድንቢጥስ?" አልኩት፣ "ስትውል ሽቦው ላይ፣ ምን አገኛት?"
"አንድ ሽቦ ብቻ የያዘን፣ እትዬ አሰገደች፣ አይጎዳውም፤
ክንፉ ሁለቱን የነካ ግን፣ ሁለተኛ አይነሳም።"

ትንሽ ቢሆን ይተርፍ ነበር፣ አልኩ በሆዴ።
ሰማዩ በክንድ የለካለትን
እኛ በስንዝር ለካንበት።

እዚህ አሮጌ ጥድ ነበር፣ ከቄራው ማዶ፣ ከጥሻው፤
ማን እንደቆረጠው አልጠየቅሁም። ገዛሁት፤
ወፍጮ ቤቴን የደገፈው ያ ነው፣ ወጋግራው።
አሞራው ጥዱን ሲፈልግ፣ ሥር የሌለው ዛፍ አገኘ፤
ቅጠል የለው፣ ጥላ የለው፤ ከፍታውን ብቻ ተመኘ።

"መከለያ አለ፣" አለ ጉርሜሳ፣ "ሽቦውን የሚያለብስ፤
መጋዘን ተቆልፎበታል። ሞዴል ሃያ ሞልቼ ስደርስ
የሚፈርመው ስብሰባ ነው። ሲወጣ፣ 'ለአሞራ?'
ብሎ ሳቀ። ወረቀቴን ለጠረጴዛው ሰጠው፣ አደራ።"

እኔ ደብተር አለኝ። መብራት የጠፋበት ቀን ሁሉ፣
ስንት ኩንታል እንደቆመ፣ እነማን እንደተጉላሉ።
ከጉርሜሳ ሰባት አሞራ ጋር ቀኑን አስተያየነው፤
ሰባቱም ገጠሙ።

ሰኞ ጠዋት ቢሯቸው ገባሁ፣ ዱቄቴን ሳላራግፍ፤
"ለአሞራ አልመጣሁም፣" አልኩ። "ለሰባት ቀን ገብስ ነው።
ፊርማዎ እዚህ ይረፍ።"
ዋሽቻለሁ።
ለአሞራም ነበር።

ሐሙስ ጉርሜሳ ወጣ፣ መስመሩ ተዘግቶለት፤
የሽቦውን ትከሻ ጥቁር ልባስ አለበሰለት፤
ከአናቱም ላይ፣ አግድም፣ ቀጭን የባሕር ዛፍ ግንድ።
"መቀመጫ ነው፣" አለ፣ "ከሽቦው ከፍ ይላል በሁለት ክንድ።"
"ለአሞራ ወንበር የሚሠራ አናጢ!" ዲንቄ ሳቀች፤
ግን እስኪመሽ አልሄደችም፣ አንጋጣ ጠበቀች።

ሦስት ቀን ማንም የለም። ቁራ አረፈ፣ ጮኸ፣ ሄደ።
በአራተኛው፣ ከየረር በኩል፣ አንድ ጥቁር ነጥብ ወረደ፤
ሰፋ፣ ሰፋ፣ ክንፍ ሆነ፤ ዞረ፣ አመነታ፣ ከበደ፣
ግንዱ ላይ ቁጭ አለ።

ሚስቱ ትሁን? አላውቅም። ጉርሜሳም አያውቅም።
ሁለቱን ክንፏን ለፀሐይ ዘረጋች፣ እስከ ጫፋቸው፤
እኔ ትንፋሼን ያዝኩ።
ወፍጮው አልቆመም።

ሁለት ወር ሆነ፤ በደብተሬ አንድ መስመር አልተጻፈም።
ያልጠፋ መብራት ማን ይመዘግባል?
ሰው ራቱን በላ፣ ልጆች አጠኑ፣ ተኙ፤
ማንም ቀና አላለም።

ከዚያ ወዲያ ግን አርባ ሁለት፣ አርባ ሦስት፣ አርባ አራት፣
እስከ ለገጣፎ ድረስ ራቁታቸውን ቆመዋል።
ባዶውን ደብተር ያዝኩ።
ሰኞ ቢሮው በሁለት ሰዓት ይከፈታል።